የፈላ ፍሬን በቱቦ ብቻ አይበርድም

ጥያቄው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የመጣ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ2015 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ አለኝ። ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አልፎ አልፎ ወስጄ እነዳታለሁ። ፍሬኗ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ባለፈው ጊዜ ከሰዓት በኋላ በነበረው ተራ፣ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ፤ ደጋግሜ በመርገጥ ነው የተረፍኩት። አሁን የጭጋግ መብራቶቹን አውጥቼ፣ ከልብስ ማድረቂያ ማሽን ጀርባ የሚገጠመውን የአሉሚኒየም ቱቦ በቀዳዳቸው አስገብቼ ነፋሱን ወደ ፍሬኑ ዲስክ ፊት ላዞር አስቤአለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ቱቦውን ትተህ የተበሳሳ ዲስክ ግዛ ይለኛል። ማን ልክ ነው?»

ማናችሁም አይደላችሁም። ሁለታችሁ ስለ ዲስክ ስትከራከሩ እርስዎን የከዳዎት ሌላ ዕቃ ነው። ፔዳል ወለል ድረስ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። ዘይቱ ፈሳሽ እስከሆነ ድረስ አይታመቅም፤ በካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን በፒስተን ገፍቶ ዲስኩ ላይ በሚጫነው ክፍል) ውስጥ ፈልቶ የእንፋሎት አረፋ ሲፈጥር ግን አረፋው ይታመቃል፤ የእግርዎ ኃይልም ፒስተኑን ሳይገፋ አረፋውን ሲጨፈልቅ ይቀራል። ደጋግሞ መርገጥ ያዳነዎት ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት ወደ መስመሩ ስለገባ ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናዋ ግን አልቆምም ብትል ኖሮ ጥፋቱ የፍሬን ሸራው ይሆን ነበር፤ ከልኩ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ አይቀላቅሏቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያጣሩ፦ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ከጎደለ ወይም በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ካዩ ነገሩ መፍላት ሳይሆን መፍሰስ ሊሆን ይችላል፤ ፔዳሉን በቆመ መኪና ላይ ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ይጠረጠራል። በሁለቱም ሁኔታ መኪናዋ ሜዳ ቀርቶ መንገድ ላይም መውጣት የለባትም።

ዘይቱን በቁጥር እንየው። በአሜሪካ መስፈርት መሠረት ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ መፍላት የለበትም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። እነዚህ ዘይቶች ክዳኑ እንደተከፈተ ጨው እርጥበት ይስባሉ፤ ጥቂት ዓመት ሳይለወጥ የቆየ ዘይት ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በሁለተኛው አካባቢ እየሠራ ነው ብለው ያስቡ። ለውድድር የሚሠሩት ዘይቶች አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ግን ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ አይግዙ፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቆሞ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ሥርዓት) ላለው መኪናም አይሆንም።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ከፍጥነትና ከክብደት። መኪናዋ ባዶዋን 1,480 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ እርስዎና ነዳጁ ሲጨመሩ 1,560 እንበል። በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር ወደ 90 ስትወርድ 1.7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። የፊት ፍሬኖች 70 በመቶውን ቢሸከሙ ለእያንዳንዱ የፊት ዲስክ ወደ 590,000 ጁል ይደርሰዋል፤ ይህም 8 ኪሎ የሚመዝንን የብረት ዲስክ በአንድ ረገጣ ብቻ በ140 እና በ150 ዲግሪ መካከል ያግለዋል። የነፋሱ ግፊትና ሞተሩ የሚይዙት ድርሻ ስላለ እውነተኛው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መጠኑን ለመረዳት ግን ይበቃል። የሰሚት ፖይንት ዋናው ሜዳ ዙሩ 2 ማይል፣ ቀጥታ መንገዱም 2,900 ጫማ ነው። ዲስኩ ከአንዱ ረገጣ እስከ ሌላው የተቀበለውን ሙቀት ካላስወጣ በየዙሩ መነሻው ከፍ ይላል። ሙቀቱ ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠዋት ደህና የነበረ ፔዳል ከሰዓት በኋላ የሚከዳው ለዚህ ነው።

በእርስዎ መኪና ላይ ሁለት ተጨማሪ የሙቀት ምንጮች አሉ። አንደኛው ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የገባው በኮምፒውተር የሚመራ ሥርዓት ነው፤ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ወደ ውስጥ እንድትዞር የውስጠኛውን የፊት ጎማ ፍሬን እርስዎ ሳይነኩት ይይዛል። በከተማ ውስጥ ድንቅ ነገር ነው። በሜዳ ላይ ግን እግርዎ ነዳጁ ላይ እያለ ዲስኩ ይግላል፤ መቀዝቀዝ በሚገባው ሰዓት ማለት ነው። ሁለተኛው ምንጭ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ጀማሪ ነጂ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ከሚገባው በላይ ፍጥነት በመቀነስ ነው፤ በ100 ሊገባበት የሚችለውን መታጠፊያ ወደ 80 ወርዶ ይገባበታል። ከላይ በተጠቀምኩበት ስሌት፣ ከ190 ወደ 100 ከመውረድ ይልቅ ወደ 80 መውረድ ወደ ፍሬኑ የሚገባውን ሙቀት በ14 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቱቦ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን ጥሩ አሠልጣኝ አጠገብዎ ቢቀመጥ አይከስሩም።

የጓደኛዎን ምክር በአጭሩ ልዝጋው። የተበሳሳ ዲስክ ያማረ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን ሙቀት የሚሸከመውን ብረት ይቀንሳሉ፤ በተደጋጋሚ ግለትና ቅዝቃዜም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነው። ለሜዳ የሚያስፈልግዎት ልሙጥ፣ ቢበዛ በላዩ ላይ መስመር የተፈለፈለበት ዲስክ ነው።

አሁን ወደ ቱቦው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የነፋሱ መድረሻ ግን የተሳሳተ ነው። የፊት ዲስክዎ ሁለት ቀለበቶች በመካከላቸው ክንፍ ይዘው የተጣበቁበት ነው። ሲሽከረከር አየሩን ከመሃሉ ስቦ በክንፎቹ መካከል እያሳለፈ በጠርዙ ይረጨዋል፤ ማለትም ራሱ ማራገቢያ ነው። የቱቦ ሥራ ለዚህ ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር በአፉ ማጉረስ ነው። ነፋሱን በዲስኩ ፊት ላይ ቢረጩት አንዱ ገጽ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው እንደጋለ ይቀራል፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም ዲስኩን ወደ አንድ ወገን ያጎብጠዋል፤ ሲብስም ይሰነጥቀዋል። መሪው ሲንቀጠቀጥ «ዲስኬ ታጠፈ» ብለው አዲስ የሚገዙ፣ ቱቦውን ግን እንዳለ የሚተዉ ሰዎች አሉ። በአብዛኞቹ መኪኖች የክንፎቹ አፍ የሚገኘው በዲስኩ ውስጠኛ በኩል፣ በሞተሩ ወገን ነው፤ ቢሆንም ጎማውን አውጥተው በባትሪ ብርሃን ሳያረጋግጡ ላሜራ አይቁረጡ። ክንፎቹ የጎበጡ ከሆኑ ደግሞ የግራው ዲስክ ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ መሆኑን ይመልከቱ፤ ተቀያይረው ሲገጠሙ ማራገቢያው ይደክማል።

ከባዱ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዲስኩ ውስጠኛ በኩል በጠጠርና በውሃ መከላከያነት የተገጠመ ስስ ላሜራ አለ። አየሩ መግባት ያለበት በዚህ ላሜራ በኩል፣ ሸራው በሚይዘው የዲስኩ ቀለበት ውስጠኛ ጠርዝና ኩሽኔታው በተቀመጠበት አካል መካከል ባለው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ደግሞ ጠባብ ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ በመሃሉ ያልፋል፤ የኤቢኤስ ሽቦ፣ የመሪው ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) እና የካሊፐሩ ማሰሪያ ቀሪውን ይሻሙበታል። ስለዚህ ክብ ቱቦ አምጥቶ መደቀን አይበቃም። አንድ ሚሊ ሜትር ከግማሽ ውፍረት ባለው ብረት ወይም አሉሚኒየም ጠፍጣፋ አፍ ያለው መተላለፊያ ሠርቶ ከላሜራው ጋር በብየዳ ወይም በብረት ሪቬት ማያያዝ ያስፈልጋል። ላሜራው በክንፎቹ አፍ ዙሪያ በተቻለ መጠን ክፍተቱን ይዝጋ፤ አለበለዚያ አየሩ ዲስኩ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ወደ ጎን ያመልጣል። ከዲስኩ ግን ቢያንስ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ በመካከሉም ጠጠር ይገባል። መከላከያ ላሜራውን ጭራሽ አውልቀው የሚጥሉ አሉ። ቀላል ነው፤ ጥቂትም ይረዳል፤ ነገር ግን ያ ላሜራ የቴስቲናውንና ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ መጋጠሚያ የላስቲክ ሽፋኖች ከዲስኩ ግለት ይጋርድ ነበር። ካወለቁት በየሜዳው ቀን እነዚያን ሽፋኖች በዓይንዎ ይመርምሩ።

የልብስ ማድረቂያውን ቱቦ ይርሱት። ስሱ ዓይነት ፕላስቲክ የተለበጠ ፎይል ስለሆነ ይቀልጣል፤ ወፍራሙ ንጹሕ አሉሚኒየም ባይቀልጥም መሪውን ባዞሩ ቁጥር እየታጠፈ ይሰነጠቃል፤ የተቆራረጠው ጥቅል ደግሞ መንገዱን የሚያገኘው ጎማና ዘንግ ውስጥ ነው። የመጥረጊያ ማሽንና የመዋኛ ገንዳ ቱቦዎችም እንዲሁ ከግለት አጠገብ አይቆሙም። የሚፈለገው በሲሊኮን የተነከረ፣ በመስታወት ቃጫ (ፋይበርግላስ) የተሠራና በውስጡ የሽቦ ጥምዝ ያለው ቱቦ ነው፤ ከ250 ዲግሪ በላይ የሚችል መሆኑ ይጻፍበታል። ርካሹ የኒዮፕሪን (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ዓይነት ለባምፐሩ ወገን ሊሆን ይችላል፤ ለዲስኩ ወገን ግን አይሆንም። ስፋቱ ላይ አይሰስቱ፤ ባለ 76 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከባለ 63ቱ ወደ 45 በመቶ የሚበልጥ የአየር መተላለፊያ አለው። ሆኖም የሚታጠፍ ሰፊ ቱቦ ከቀጥተኛ ጠባብ ቱቦ ሊያንስ ይችላል። እያንዳንዱ ሹል መታጠፊያ ነፋሱን ይበላል፤ የተጨፈለቀ ቱቦ ደግሞ ጌጥ ነው።

ሁለቱንም ጫፍ በብረት ፋሸታ ያጥብቁ፤ በፕላስቲክ ማሰሪያ ዲስክ አጠገብ አይታመኑ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ ሳይሆን በብረት መደገፊያ (ስታንድ) ላይ አስቀምጠው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድና ሲነሣም ይሞክሩት። ቱቦው ጎማውን፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን ወይም የኤቢኤስ ሽቦውን በየትኛውም አቅጣጫ ከነካ ገና አልጨረሱም። በእኔ ግምት በቤት ውስጥ የተሠሩ መተላለፊያዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት በነፋስ እጥረት ሳይሆን በዚህ ፈተና ነው፤ የተፋቀ የፍሬን ቱቦ ደግሞ ከጋለ ዲስክ እጅግ የከፋ ነው።

የጭጋግ መብራት ቀዳዳ ለመግቢያነት ጥሩ ምርጫ ነው፤ ባምፐሩ ላይ የነፋስ ግፊት ከሚበረታበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ወደ ጎን የሚዞረው የባምፐር ጥግ ግን ነፋሱ ተንሸራትቶ የሚያልፍበት ስለሆነ አፍ ቢከፍቱበትም አይውጥም። አፉን ከቱቦው ሰፋ አድርገው ቀስ በቀስ ወደ ቱቦው እየጠበበ እንዲሄድ ይሥሩት። የራዲያተሩን ድርሻ አይውሰዱበት፤ ባለ ቱርቦ ሞተር በሐምሌ ሙቀት በራሱ ጭንቀት አለው። ይህን ክፍል በባለሦስት አውታር ማተሚያ (ስሪዲ ፕሪንተር) ለመሥራት ከወደዱ ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ አይሁን፤ ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ብቻ ያጎብጠዋል።

ይህ ሁሉ ከበዛብዎት መካከለኛ መንገድ አለ፤ እኔ ለመንገድም ለሜዳም ለሚነዳ መኪና የምወደው ይህንኑ ነው። ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ላይ፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር የሚያልፈውን ነፋስ ወደ ዲስኩ መሃል የሚመራ ዘንበል ያለ ጠፍጣፋ ክንፍ ማሠር ነው። ፖርሼ ይህንን በፋብሪካ ይሠራዋል፤ የቦክስተርና የኬይማን ባለቤቶች ከጂቲ 3 ሞዴል የተወሰደውን ክፍል እየገዙ በራሳቸው መኪና ላይ ይገጥማሉ። ክንዱ ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ከመሪው ጋር ስለማይዞር የመፋተጉ ጣጣ ያንሳል። ከአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጠው በአንድ ቅዳሜ ይጨርሱታል። እንደ ቱቦ ያህል አየር አያመጣም፤ ነገር ግን አይቀልጥም፣ አይበጠስም፣ መሬት ቢነካ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው።

የሠሩት ነገር መሥራቱን በግምት አይወስኑ። ወደ መኪና ማቆሚያው ተመልሰው በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ የሚያነቡት ቁጥር ዲስኩ በሜዳው ላይ የደረሰበትን አይነግርዎትም፤ እስኪደርሱ ድረስ ብዙ ቀዝቅዟል፤ የሚያንጸባርቅ ብረትም መሣሪያውን ያታልላል። የሚያዋጣው በዲስኩ ጠርዝ ላይ የሚቀባ ሙቀት አመልካች ቀለም ነው። በተለመደው ስብስብ ውስጥ አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ ቀለማቸውን ይለውጣሉ። ካሊፐሩ ላይ ደግሞ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚቀር ተለጣፊ ይለጥፉ፤ የዘይቱን ዕጣ የሚነግርዎት እሱ ነው። በአንድ በኩል ብቻ መተላለፊያ ገጥመው ሌላውን ለአንድ ቀን ባዶ መተው ግን የሚፈቀድ ሙከራ አይደለም፤ ሁለቱ ሸራዎች በተለያየ ሙቀት ሲይዙ መኪናዋ ወደ ጎን ትጎትታለች። ከመግጠምዎ በፊትና በኋላ፣ በተቀራረበ የአየር ጠባይ ያወዳድሩ።

አየር የማያደርገውንም ይወቁ። የመንገድ የፍሬን ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ350 ወይም 400 ዲግሪ በላይ መያዝ ይቀንሳል፤ ለሜዳ የተሠራው ከ600 በላይ ይዘልቃል። ዲስክዎ በየዙሩ 550 የሚደርስ ከሆነ ምርጥ መተላለፊያ እንኳን ለመንገድ ሸራ ወደሚመች ቦታ አያወርደውም። አየር በአንድ ረገጣ ወቅት የሚፈጠረውን ግለትም አይከለክልም፤ የሚረዳው በረገጣዎች መካከል ነው፤ ቀጥታ መንገዱ በረዘመና ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል። የሜዳ ሸራ በበኩሉ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይዝም፤ ይጮኻል፣ አቧራውም ይበዛል፤ በጥር ጠዋት ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ የሚፈልጉት ሸራ አይደለም። ለሜዳው ቀን ይቀይሩት፣ ሲመለሱ የመንገዱን ይመልሱ።

የእኔ ውሳኔ ይህ ነው። በዚህ ወር ቱቦ አይግዙ። አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ አስወጥተው ከ300 ዲግሪ በላይ በሚፈላ አዲስ ዘይት ይተኩት፤ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን መስመሩ ውስጥ አየሩን ያስወጡ፤ የሜዳ ቀን በበዛበት ወቅት ደግሞ በየጥቂት ወሩ ይድገሙት፤ አንዳንድ ክለቦች ከ6 ወር በላይ የቆየ ዘይት ይዞ የመጣን መኪና አያስገቡም። በፊት ጎማዎች ላይ የሜዳ ሸራና ልሙጥ ዲስክ ይግጠሙ፤ ሸራውን አምራቹ እንደሚያዝዘው ቀስ በቀስ አግለው ከዲስኩ ጋር ሳያላምዱት ሜዳ አይግቡ። ካሊፐሩን ሲፈቱ የፒስተኖቹን የላስቲክ ሽፋን ይዩት፤ ከተቃጠለ ይለውጡት፤ ባለፈው የደረሰብዎት ሙቀት ሳይጎዳው አልቀረም። ቀለሙንና ተለጣፊውን ለጥፈው አንድ ቀን ይንዱ። ብርቱካናማው ካልተለወጠ ሥራው አልቋል። ከተለወጠ ክንዱ ላይ የሚታሠረውን ክንፍ ይሥሩ፤ ቀዩም ከተለወጠ ባለ 76 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ እስከ ላሜራው ይዘርጉ፤ የብየዳውን ሥራ እጅዎ ካልለመደ ለባለሙያ ይስጡት። ቱቦ ከገጠሙ ለመንገድና ለዝናብ ጊዜ የመግቢያውን አፍ የሚዘጋ ክዳን ያብጁለት፤ በጋለ ዲስክ መሃል ውሃ መርጨት አይፈልጉም።

በየተራው መጨረሻ አንድ ሙሉ ዙር ፍሬን በተቻለ መጠን ሳይነኩ ቀስ ብለው ይንዱ፤ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑን አይሳቡ፣ በማርሽ ትተው ከጎማው ሥር መደገፊያ ያስገቡ። ዲስኩ ላይ ፀጉር የሚያህሉ ጥቃቅን መስመሮች ቢያዩ የተለመደ ነው። ጥፍርዎ የሚይዘው ወይም የዲስኩ ጠርዝ ድረስ የደረሰ ስንጥቅ ካለ ግን የቀሩት ተራዎች ቢከፈልባቸውም ለእርስዎ ቀኑ አብቅቷል፤ መኪናዋም ወደ ቤት የምትመለሰው በተጎታች ነው።